በቡና ገለፈት ከሰል ላይ የመዳብ ካታሊስት አዘገጃጀትና አፈታተን

ፓላዲየም የካርቦን አተሞችን እርስ በርስ ለማያያዝ ያለው ብቃት ለሄክ፣ ለኔጊሺና ለሱዙኪ የ2010ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያስገኘ ቢሆንም፣ ዋጋው ውድ በመሆኑ ብዙ ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ መዳብና ወደ ኒኬል አዙረዋል። ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር) የሚሆነውን መዳብ የሚሸከመው ከሰል ደግሞ ጅማ ላይ ጀንፈል ከሚፈለፈልበት ደጃፍ ከተቆለለው ገለፈት ሊሠራ ይችላል።

ገለፈቱን አጥበው በ105 ዲግሪ ካደረቁት በኋላ፣ በተከደነ ክሩሲብል (ከፍተኛ ሙቀት በሚችል ዕቃ)፣ አየር እንዳይገባው አድርገው፣ በ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያክስሉት። የቡና ገለፈት ፖታሲየም ስለሚበዛበት ከሰሉን በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ማጠብ፣ ከዚያም አሲዱ እስኪለቅ ድረስ በተጣራ ውሃ ማለቅለቅ ያስፈልጋል፤ ይህን የዘለለ ሰው ኋላ ያየው ለውጥ ከመዳቡ ይምጣ ከአመዱ ሊለይ አይችልም።

ለ1 ግራም ከሰል 0.19 ግራም የመዳብ ናይትሬት (ሦስት የውሃ ሞለኪውል የያዘውን) በውሃ አሟሙተው ከሰሉን ይንከሩበት፤ በዚህ መጠን 0.05 ግራም መዳብ ይገኛል። በማግስቱ የመዳቡን ጨው ወደ መዳብ የሚለውጠውን፣ አዲስ የተበጠበጠ የሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ብጥብጥ ጠብ ጠብ እያደረጉ ይጨምሩ። ሃይድሮጅን ስለሚወጣ እሳት አይቅረብ፤ መስኮትም አይዘጋ። ከዚያ አጣርተው፣ አጥበው ያድርቁት።

መፈተኑ ከማዘጋጀቱ ይበልጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለመፈተኛ የሚያገለግለው ፓራ-ናይትሮፌኖል የተባለ ኬሚካል ቦሮሃይድራይድ ሲገባበት ደማቅ ቢጫ ሆኖ በ400 ናኖሜትር ብርሃን ይመጥጣል፤ ካታሊስቱ ሲሠራ ግን ፓራሲታሞል ወደሚሠራበት ወደ ፓራ-አሚኖፌኖል ይለወጣል። ቢጫው ጠፍቶ ፈሳሹ እንደ ውሃ ሲጠራ በጣም ደስ ይላል፤ እኔም ተደስቼ ነበር፤ ነገር ግን መዳብ ያልነካው ከሰል ብቻውን ቀለሙን ሊመጥ ስለሚችል፣ በብርሃን መምጠጥ ግራፉ ላይ የ400ው ጫፍ ሲወርድ በ300 ናኖሜትር አካባቢ አዲስ ጫፍ መውጣቱን ሳያዩ ተሳክቷል አይበሉ። ስለዚህ በአንድ ቀን ቢጫውን ፈሳሽ የያዙ ሦስት ብልቃጥ ያሰልፉ፦ ምንም ያልገባበት፣ ባዶ ከሰል የገባበትና መዳብ ያለበት።

ለውጡ እኩሌታው ላይ ሲደርስም ካታሊስቱን አጣርተው ያውጡ፤ የተጣራው ፈሳሽ መለወጡን ከቀጠለ፣ ሥራውን የያዘው ከከሰሉ ለቆ የሟሟ መዳብ ሊሆን ይችላል። ኬሚስቶቹ ቡክዋልድና ቦልም በ2009 እንዳሳዩት፣ ለብረት ክሎራይድ ሲሰጡ የነበሩ አንዳንድ ውጤቶች በውስጡ የተቀላቀለ የኢምንት መዳብ ሥራ ሆነው ተገኝተዋል። ስለሆነም ቀድሞ ፓላዲየም የነካውን ማግኔታዊ ማማሰያ በዚህ ሙከራ አይጠቀሙ።