ከአስፋልት የሚጀምር ፕላን፦ በከተማ ዕቅድ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ባለሙያ የአንድ አዲስ ሰፈር ፕላን ይዞልኝ መጣ። ሥራው ንጹሕ ነው፤ መንገዶቹ ቀጥ ያሉ፣ የመኖሪያ ብሎኮቹ እኩል፣ መናፈሻው በቀለም የደመቀ። የመሬት አቀማመጡን የሚያሳየውን የድሮ ካርታ አውጥቼ ጎን ለጎን ሳስቀምጠው ግን አንድ ነገር ጎደለብኝ። በድሮው ላይ ከሰሜን ምሥራቅ ተነሥታ እየተጠማዘዘች የምትወርድ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ነበረች። በአዲሱ ላይ የለችም። «ጅረቷ የት ሄደች?» አልኩት። «እሷማ የምትፈሰው በዝናብ ወቅት ብቻ ነው» አለኝ፤ በቦታዋም አሥራ ሁለት ቤቶች እንዳሰፈረ በኩራት አሳየኝ።

ይህን መልስ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ስለዚህ በየፕላኑ ጠርዝ በቀይ እስክሪብቶ የምሞነጫጭረውን አንድ ቦታ ላሰፍረው ወሰንኩ። ቃሌ ከከረረ ይቅር በሉኝ፤ ግማሹን ስህተት ራሴ ሠርቼዋለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ውሃን እንደሌለ መቁጠር

ሌላውን ሁሉ ባትሰሙኝ ይህን ስሙኝ። በዝናብ ወቅት ብቻ የሚፈስ ጅረት ጅረት ነው። ዓመቱን ሙሉ ስላልተቀመጠበት ቦታውን ለቅቋል ማለት አይደለም።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። አሥር ሄክታር በሆነ ሰፈር ላይ 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ አምስት ሚሊዮን ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። መሬቱ ሣርና ቁጥቋጦ በነበረበት ጊዜ፣ እንደ አፈሩና እንደ ተዳፋቱ ቢለያይም፣ አብዛኛው ይሰርጋል፤ ቅጠል ላይ ይቀራል፤ በየስርጓዳው ያቁራል። የተረፈው ቀስ እያለ ይወርዳል። በጣሪያና በአስፋልት ስናለብሰው ግን ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል ቁልቁል ይሮጣል። ያውም በሰዓታት ሳይሆን በደቂቃዎች። ከታች ያለው ሰፈር የውሃ መውረጃ ቦይ ደግሞ የተለካው ላይኛው ገና ሜዳ ሳለ ነው። ስለዚህ የሚጥለቀለቀው ፕላኑ የተሠራለት ሰፈር ሳይሆን የታችኛው ነው። የታችኛው ሰፈር ሰዎች በዚያ ፕላን ላይ ስማቸው እንኳን አልተነሣም፤ እኔን የሚያናድደኝ ይኸው ነው።

እኔም በእጄ ሠርቼዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ዓመት አንድ ትንሽ ጅረት በኮንክሪት ቱቦ አስቀብሬ ላዩን የእግረኛ መንገድ አደረግሁት። ቱቦው በስሌት በቂ ነበር። ስሌቱ ውስጥ ያልነበረው ፍራሽ ነው። በሁለተኛው ዓመት አንድ አሮጌ ፍራሽ ከላይ ተንከባሎ መጥቶ የቱቦውን አፍ ደፈነው፤ በላዩ ቅርንጫፍና የፕላስቲክ ጠርሙስ ተከመረበት፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ በሰው ደጃፍ ገባ። በማግስቱ ስሄድ አንዲት እናት በግድግዳዋ ላይ የቀረውን የጭቃ መስመር በብሩሽ ስትፈትግ አገኘኋት። መስመሩ ከጉልበቴ በላይ ነበር። ማን እንደሆንኩ አልነገርኳትም።

ክፍት ቦይ ቢሆን ኖሮ ያንን ፍራሽ አንድ ሰው አይቶ ይጎትተው ነበር። ቱቦን የምታስታውሱት ሲደፈን ነው።

ይህን ስናገር ሁሉም በደቡብ ኮሪያዋ ሴኡል ያለውን የቾንግጌቾን ጅረት ፎቶ ያመጡልኛል። ጅረቱ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኮንክሪት ተሸፍኖ በላዩ ከፍ ያለ የመኪና መንገድ ተሠርቶበት ነበር፤ በ2003 ማፍረስ ተጀመረና በ2005 5.8 ኪሎ ሜትር የሚሆን ጅረት ለሕዝብ ተከፈተ። ፎቶው ያምራል። ፎቶው የማይናገረው ይህ ጅረት ጥንትም ከዝናብ ወቅት ውጪ እምብዛም የማይፈስ መሆኑን ነው፤ ልክ ያ ወጣት ከፕላኑ እንዳጠፋት ጅረት። ዛሬ ዓመቱን ሙሉ የሚታይበት ውሃ በአብዛኛው በከተማዋ ከሚያልፈው ከሃን ወንዝ በፓምፕ የሚመጣ ነው። እንግዲህ ውሃው ብዙም አያስደንቀኝም። የሚያስደንቀኝ በመሐል ከተማ ውድ መሬት ላይ ለጎርፉ የተመለሰለት ስፋት ነው።

ውሃ የሚያሰርግ ንጣፍ፣ ኩሬና ሣር ጥሩ ናቸው፤ አድርጓቸው። ግን በእነሱ ብቻ አትተኙ። ቻይና በ2015 ዝናብን እንደ ስፖንጅ የሚመጥጡ ከተሞችን ለመሥራት ሰፊ መርሐ ግብር ጀምራለች። ይህን ሲተገብሩ ከነበሩት አንዷ ዠንግዡ ሐምሌ 2021 በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ወረደባትና የምድር ውስጥ ባቡሯ ሳይቀር በውሃ ተሞላ። ስፖንጁ ሲጠግብ ውሃው በየት በኩል እንደሚሄድ የማያሳይ ፕላን ከእኔ ጠረጴዛ አያልፍም።

መጨናነቅን መንገድ በማስፋት ማከም

ይህንን ከእኔ በፊት ብዙ ሰው ስለተናገረው አላረዝመውም። በአሜሪካ፣ የሂዩስተኑ ኬቲ አውራ ጎዳና ማስፋፊያው በ2008 ሲጠናቀቅ፣ የጎን መንገዶቹ ሲቆጠሩ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ 26 መስመር ደርሶ ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የጉዞው ጊዜ ተመልሶ ረዘመ። መንገዱ ሲሰፋ ቀድሞ በሌላ ሰዓት ይሄድ የነበረው፣ በአውቶቡስ ይሄድ የነበረው፣ ጭራሹን ቤቱ ይቀር የነበረው ሁሉ ይመጣል፤ ከመንገዱ ዳር አዲስ ሰፈርም ይበቅላል።

ስቶክሆልም ሌላውን መንገድ ሞከረች። በ2006 ለሰባት ወር ያህል ወደ መሐል ከተማ የሚገባና የሚወጣ መኪና ክፍያ እንዲከፍል አደረገች፤ የሚያልፈው መኪና በአምስት አንድ ያህል ቀነሰ። ሙከራው ሲያበቃ አብዛኛው መኪና ተመለሰ። በ2007 ክፍያው በቋሚነት ሲጀመር እንደገና ቀነሰ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሙከራ በእኛ ሙያ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ጀማሪዎች መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆመው መኪና ሲቆጥሩ አያለሁ። ሰው ቁጠሩ። በከተማ ውስጥ፣ የትራፊክ መብራት ባለበት፣ አንድ የመኪና መስመር በሰዓት ሺህ መኪና ካሳለፈ ደኅና ነው፤ በአብዛኞቹ ውስጥ ያለው ሹፌሩ ብቻ ነው። በ2000 ሥራ የጀመረው በኮሎምቢያ፣ የቦጎታው የአውቶቡስ አገልግሎት ትራንስሚሌኒዮ፣ ለአውቶቡስ ብቻ በተከለሉ መስመሮች በሰዓት፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ያጓጉዛል። በእርግጥ ታጭቀው ነው የሚሄዱት፤ የቦጎታ ነዋሪ ስለዚያ የሚለው ብዙ ነው። ቁጥሩ ግን ቁጥር ነው።

መሬቱ ባዶ ሳለ መተኛት

ከተማ በፍጥነት ሲያድግ ቤቱ ከፕላኑ ቀድሞ ይደርሳል። ፕላነሩ ስለ ሪፖርቱ ሽፋን ሲጨነቅ ግንበኛው መሠረቱን ጨርሷል። ሜዳ ላይ ለመንገድ፣ ለቦይና ለትምህርት ቤት ቦታ ማስከበር የሚጠይቀው ቀያሽና ጥቂት ችካል ነው። ያንኑ ቦታ ቤት ከተሠራበት በኋላ ለማግኘት ካሣ፣ ፍርድ ቤት፣ እንባና አሥር ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ዝርዝሩ እስኪያልቅ አትጠብቁ። የውሃ መውረጃዎቹንና ዋና ዋና መንገዶቹን በዚህ ቅደም ተከተል አስከብሩ፤ ውስጡን ሰዉ ራሱ ይሞላዋል።

ኢንጂነሩ ኢልዴፎንስ ሰርዳ በ1859 ለባርሴሎና ማስፋፊያ ባወጣው ፕላን የተራውን ጎዳና ስፋት 20 ሜትር አደረገ። መኪና ገና አልተሠራም ነበር፤ እሱ ያሰበው ለአየር፣ ለብርሃንና ለሰው እንቅስቃሴ ነው። ዛሬ ከተማዋ ከእነዚያ ጎዳናዎች አንዳንዶቹን ከመኪና ነጥቃ ለእግረኛ ስትሰጥ የምትሰጠው ስፋት የተገኘው ከዚያ ነው።

የኒው ዮርኳ የማንሃተን ደሴት የ1811 ፕላንም ከተማዋ በደሴቷ ደቡባዊ ጫፍ ብቻ ሳለች የጎዳናዎቹን ፍርግርግ እስከ 155ኛ ጎዳና ዘረጋው። ይህን ያህል ርቆ ማየት ያስመሰግናል። ነገር ግን ፕላኑን ያወጡት ኮሚሽነሮች ያ ወጣት የሠራውን ስህተት በትልቁ ሠርተውታል፤ ኮረብታውንም ጅረቱንም እንዳላዩ አልፈውታል። ትልቁ መናፈሻ ሴንትራል ፓርክም በዚያ ፕላን ላይ አልነበረም። በ1850ዎቹ ሲታሰብ 1,600 ያህል ሰዎች ከቦታው እንዲነሡ ተደርጓል፤ ከእነሱም መካከል የሴኔካ መንደር ሰዎች ይገኙበታል፤ የመንደሯ ነዋሪዎች በአብዛኛው ጥቁሮች ነበሩ። ባዶ ሳለ በመስመር ይገኝ የነበረው ቦታ የሰው ቤት አስፈረሰ።

ድሃውን ወደ ዳር መግፋት

በካርታ ላይ «የተጎሳቆለ ሰፈር» ተብሎ በግራጫ የተቀባው ቦታ ውስጥ የጽዳት ሠራተኛው፣ ጫማ ሰፊው፣ ተሸካሚውና ልጅ ጠባቂዋ አሉ። ከተማው በጠዋት የሚነሣው በእነሱ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ካለ ሰፈር የተነሡ ሰዎች ወደ ሰፈሩበት አዲስ መንደር ሄጄ ነበር። ካንኳኳኋቸው አሥር በሮች አራቱ ተቆልፈዋል። አምስተኛውን የከፈተችልኝ ወጣት ልጅ እናቷ እሑድ እሑድ ብቻ እንደምትመጣ ነገረችኝ። እናት ልብስ አጣቢ ናት። ደንበኞቿ ያሉት መሐል ከተማ ነው፤ ደርሶ መልሱ አራት አውቶቡስ ይጠይቃል። ስለዚህ በድሮው ሰፈር አቅራቢያ ከሦስት ሴቶች ጋር በላስቲክ የተከለለች ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። የቤቱ ግድግዳ አዲስ ነው፣ ውሃ በቧንቧ ይመጣል፣ ልጅቷ ብቻዋን ታድራለች። በሪፖርቱ ላይ ይህ ቤተሰብ «የተሻለ መኖሪያ ያገኘ» ተብሎ ተቆጥሯል።

ሌላ መንገድ የለም አትበሉኝ። የኮሎምቢያዋ ሜዴዪን በ2004 በተዳፋት ላይ ያሉትን ድሃ ሰፈሮች በገመድ ላይ በሚሄድ ካቢኔ ከሜትሮ ባቡሯ ጋር አገናኘች፤ ሰዉ ባለበት ሆኖ ከተማው ወደ እሱ መጣ። በፓኪስታን ካራቺ ውስጥ ባለው ድሃ ሰፈር በኦራንጊ ደግሞ አክታር ሐሚድ ኻን በ1980 በጀመሩት ፕሮጀክት ነዋሪዎች በየመንገዳቸው ተደራጅተው፣ ገንዘብ አዋጥተው፣ የፍሳሽ መስመራቸውን ራሳቸው ዘረጉ። ባለሙያው የሰጣቸው ልኬት፣ ንድፍና ምክር ነው። ይህ ሥራ ፎቶ ላይ አያምርም፤ ስለዚህ ማንም አያመጣልኝም።

ቶሎ ቶሎ የማልፋቸው

ፎቅና ጥግግት፣ ማለትም በአንድ ቦታ ላይ የሚኖረው ሰው ብዛት፣ አንድ አይደሉም። የባርሴሎና ማስፋፊያ በአውሮፓ ሰው ከሚበዛባቸው ሰፈሮች አንዱ ነው፤ አብዛኛው ሕንፃ ግን ከስምንት ፎቅ አይበልጥም። ሃያ ፎቅ ሠርታችሁ ዙሪያውን በመኪና ማቆሚያ ከከበባችሁት የሠራችሁት ከፍታ ነው እንጂ ጥግግት አይደለም።

የመኪና ማቆሚያን ነገር ካነሣሁ ዘንድ፦ አንድ ማቆሚያ ከመግቢያና መዞሪያው ጋር 25 ካሬ ሜትር ገደማ ይወስዳል፤ ሁለት መኝታ ክፍል ማለት ነው። ሜክሲኮ ሲቲ በ2017 ለአዲስ ሕንፃዎች የነበረውን የማቆሚያ ዝቅተኛ ግዴታ አንሥታ በምትኩ ከዚህ አይበልጥም የሚል ወሰን አበጀችለት።

ማን እንደሚያጠጣው ያልተጻፈበት ዛፍ አትሣሉ።

ለግንባታ በጀት ይዞ ለጥገና ያልያዘ ፕሮጀክት ሲመጣልኝ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፤ «በስድስተኛው ዓመት ይህንን ቦይ የሚጠርገው ሰው ደመወዙን ከየት ይቀበላል?» መልሱ «የሚመለከተው አካል» ከሆነ ፕላኑን እመልሰዋለሁ። ይህን አካል ስፈልገው ብዙ ዓመት ሆኖኛል።

ነዋሪውን ፕላኑ ካለቀ በኋላ መጥራት ማወያየት አይባልም። ይህን ለረጅም ጊዜ አድርጌዋለሁ፤ የሚያምር ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፌ «አስተያየት ካላችሁ» እላለሁ፣ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አውጥተው ጎርፉ በየት በኩል እንደሚመጣ ይናገራሉ፣ እኔም አመስግኜ በቃለ ጉባኤ አስመዘግባለሁ። ሽማግሌው ሁልጊዜ ልክ ነበሩ።

የመጨረሻው ስህተት ቦታውን በኮምፒውተር ብቻ ማየት ነው። የሳተላይት ምስል አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው ሰማዩ ጥርት ካለበት ቀን ነው፤ ማለትም ካልዘነበበት። ያንን ወጣት ፕላኑን ይዞ ዝናብ እስኪጥል እንዲጠብቅና በዝናቡ መሐል እንዲሄድ ነግሬዋለሁ። ጃንጥላ ልይዝ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ቦቲ ጫማ አድርግ አልኩት፤ አሥራ ሁለቱን ቤቶች ካሰፈርክበት ላይ ቁም።