የእድገት እክል ካለበት ልጅ ጋር ስንጫወት የምንሳሳታቸው ነገሮች

አንድ ልጅ ምንጣፍ ላይ በሆዱ ተኝቷል። መጫወቻ መኪናውን ገልብጦ ጎማውን በጣቱ ያሽከረክራል። ሲቆም እንደገና ያሽከረክረዋል። ዓይኑን ከጎማው ላይ አይነቅልም። አጠገቡ ያለው ትልቅ ሰው መኪናውን ይወስድበትና ቀጥ አድርጎ መሬት ላይ ያስቀምጠዋል። «እንደሱ አይደለም፤ እንዲህ ነው የሚነዳው፣ እየው!» ልጁ ጩኸቱን ያቀልጠዋል።

ያ ትልቅ ሰው እኔ ነበርኩ። ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ነው። ልጁ ኦቲዝም (ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ የእድገት እክል) አለበት። ያን ቀን ከእኔ የተማረው፣ እኔ ስመጣ መጫወቻው እንደሚወሰድበት ነው። ከዚያ ወዲህ ይህንኑ ስህተት በወላጆችም በአስተማሪዎችም ላይ ደጋግሜ አይቻለሁ። ሌሎችም አሉ።

«እንደሱ አይደለም» ማለት

ጎማ ማሽከርከር፣ ኩቦችን በመስመር መደርደር፣ ክዳን መክፈትና መዝጋት ጨዋታ ነው። እኛ ስላልለመድነው ብቻ ጨዋታነቱ አይቀርም። ሐኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ ኦቲዝም ባሳተመው ጽሑፍ ከገለጻቸው 11 ልጆች መካከል፣ ያገኙትን ነገር ሁሉ ማሽከርከር የሚወዱ ነበሩ። ልጁ እዚያ ውስጥ የሚያገኘው ደስታ አለ።

እና ምን እናድርግ? ሌላ መኪና ይዛችሁ አጠገቡ ተኙ። የእናንተንም ጎማ አሽከርክሩ። መጀመሪያ ዝም በሉ። ትንሽ ቆይቶ በጎን ያያችኋል። ያኔ «ዞረ... ዞረ... ቆመ!» በሉ። ይህን ለጥቂት ቀናት ደጋግሙት። አንድ ቀን «ዞረ... ዞረ...» ብላችሁ ቀሪውን ሳትጨርሱ ቆዩ። ልጁ ቀና ብሎ ፊታችሁን ሊያይ፣ ወይ እጃችሁን ወደ ጎማው ሊጎትት ይችላል። ተራ መጠበቅ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ አንዴ እሱ፣ አንዴ እናንተ። ንግግርም ከዚሁ ነው የሚበቅለው። ራሱን የሚጎዳ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ጭንቅላቱን ከግድግዳ የሚያጋጭ ከሆነ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ቶሎ ባለሙያ አማክሩ።

ጨዋታውን ፈተና ማድረግ

«ይሄ ምንድነው? ቀለሙስ? ስንት ናቸው? ድመት እንዴት ትላለች?» በፍቅር ነው የምንጠይቀው። ልጁ ወደኋላ እንዳይቀር ስለምንሰጋ እያንዳንዷን ደቂቃ ትምህርት ልናደርጋት እንፈልጋለን። ለልጁ ግን በየሰከንዱ የሚጠየቅበት ጨዋታ ጨዋታ አይደለም። መልሱን የማያውቅ ወይም አውቆ መናገር የማይችል ልጅ ከሆነ ደግሞ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ አቅቶት የሚወጣበት ነገር ነው።

አንድ ነገር ሞክሩ። ስልካችሁን መቅረጫ ላይ አድርጋችሁ 5 ደቂቃ ከልጁ ጋር ተጫወቱ። ከዚያ ቅጂውን እየሰማችሁ ጥያቄዎቻችሁን ቁጠሩ። እኔ የራሴን ስሰማ ደንግጫለሁ። አሁን ከመጠየቅ ይልቅ መንገር ይቀናኛል፦ «ኳስ። ትልቅ ኳስ። ኳሱ ሄደ!» ልጁ አንድ ቃል ከተናገረ እናንተ ሁለት አድርጋችሁ መልሱለት። «ኳስ» ካለ «ኳስ ወረወርክ» በሉት። አንድ ቃል ብቻ ጨምሩ፤ ብዙ አታዥጎድጉዱበት።

አለመጠበቅ

ይሄኛው ቀላል ይመስላል፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው። «ኳሱን ስጠኝ» እንላለን። ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ «ኳሱን፣ እሱን፣ ቀዩን አምጣው» ብለን እንደግማለን። ልጁ የሰማውን ለመረዳት፣ ከዚያ እጁን ወይም አፉን ለማዘዝ ጊዜ ይፈልጋል። በመሀል በሌላ ቃል ስንደግምለት የጀመረውን ትቶ እንደ አዲስ ይነሳል። አንዴ ተናገሩና በሆዳችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። ፊታችሁ ፈገግ ይበል፤ እጃችሁ ይረፍ። አይመልስም ያላችሁት ልጅ ስምንት ላይ ስትደርሱ ሲመልስ ታያላችሁ።

እጁን ይዞ ማሠራት

ፐዝሉን እንዲገጥም እጁን ከላይ ጨብጠን እንመራዋለን። ቁርጥራጩ ይገባል፤ ልጁ ግን አልሠራውም። እጃቸው ሲነካ የሚረበሹ ልጆችም ብዙ ናቸው። የእናንተ እጅ ከሥር፣ የእሱ ከላይ ይሁን። በፈለገበት ሰዓት እጁን ማንሳት ይችላል። የመጨረሻዋን ቁራጭ ብቻ ለእሱ መተውም ጥሩ ዘዴ ነው። መጨረስ ደስ ይላል፤ ነገ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሁለት ትተዉለታላችሁ።

ሥዕልና ምልክት ንግግሩን ያዘገይበታል ብሎ መፍራት

አያዘገየውም። «ጨምር»፣ «በቃኝ»፣ «እረፍት» የሚሉ ሥዕሎች ወይም የእጅ ምልክቶች ልጁ ሳይጮህ የሚፈልገውን እንዲናገር ያደርጉታል። በተለይ «በቃኝ» የሚለውን አትርሱ። ማቆም እንደሚችል ያወቀ ልጅ ለመጀመር አይፈራም።

ሰውነቱን መርሳት

ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለበት ልጅ ላለመውደቅ እየታገለ መጫወት አይችልም። አቅሙን ሁሉ ሚዛኑ ይወስደዋል። ጀርባው ሲደገፍና እግሮቹ መርገጫ ሲያገኙ እጆቹ ነፃ ይወጣሉ። ለእሱ የሚመቸውን አቀማመጥ ፊዚዮቴራፒስቱ (የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያው) ያሳያችሁ። መጫወቻውም እንዳይንሸራተት ሥሩ የሚይዝ ነገር ይነጠፍለት።

ዳውን ሲንድረም (አብሮ የሚወለድ የእድገት እክል) ያለባቸው ልጆች ጡንቻቸው ላላ ያለ ነው፤ ቶሎ ይደክማቸዋል። የመስማት ችግርም በብዛት ይታይባቸዋል። «አይሰማኝም፣ ግትር ነው» የተባለ ልጅ ጆሮው ሳይመረመር እንዲህ ባይባል ደስ ይለኛል። ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ከመንገር ይልቅ አሳዩ። አብዛኞቹ በዓይናቸው ሲያዩ ይበልጥ ይማራሉ። የአንገታቸው የላይኛው መገጣጠሚያ ሊላላ ስለሚችል፣ መገለባበጥና ትራምፖሊን ላይ መዝለል ከሐኪም ጋር ሳይመከር አይጀመር።

በመጫወቻው ካርቶን ላይ ያለውን ዕድሜ ብቻ ማየት

የ7 ዓመት ልጅ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ የሚከት ከሆነ፣ ለ7 ዓመት ተብሎ የተሸጠ መጫወቻ ሊያንቀው ይችላል። ትናንሽ ቁርጥራጮችን፣ ማግኔትንና የሰዓት ባትሪን አርቁ። በሌላ በኩል የ13 ዓመት ልጅን በሕፃን መንቀጭቀጫ አናጫውት። ያፍራል። ድምፅ የሚወድ ከሆነ ከበሮ ስጡት።

ብዛትም እንደዚሁ ነው። ሁለት ሦስት መጫወቻ ይበቃል፤ ሌላው ይከደን።

ስልክስ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ስክሪን አይመክርም። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ ይላል። መናገር የማይችል ልጅ የሚነጋገርበት ታብሌት ግን አፉ ማለት ነው፤ ለቅጣት ተብሎ አይወሰድም።

ጨዋታን ደመወዝ ማድረግ

«ፊደሉን ካልጨረስክ ጨዋታ የለም።» ይህ ያናድደኛል። እ.ኤ.አ. የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ጨዋታን የልጅ መብት አድርጎታል። የ2006ቱ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 30 እነዚህ ልጆች ከሌሎች እኩል የመጫወት ዕድል እንዲያገኙ ይላል። ጽሕፈት የሚከብደው ልጅ «ካልጨረስክ ጨዋታ የለም» በሚለው ሕግ ሲሄድ ጨዋታ ሳያይ ይመሻል።

እህትና ወንድሞቹን «ተዉት፣ አይችልም» ማለት

ልጆች አብረው ከመጫወታቸው በፊት ጎን ለጎን ይጫወታሉ። ተመራማሪዋ ሚልድሬድ ፓርተን እ.ኤ.አ. በ1932 ይህን በሕፃናት ላይ አይታ ጽፋለች። ስለዚህ አጠገባቸው መቀመጡ ራሱ ቁም ነገር ነው፤ «አልተጫወተም» ብላችሁ አታንሱት። እናንተ ብዙም ጣልቃ ካልገባችሁ የተቀረውን ልጆቹ ራሳቸው ይፈጥሩታል።

አንዲት የ9 ዓመት ልጅ ትዝ ትለኛለች። ታናሽ ወንድሟ ሴሬብራል ፓልሲ አለበት፤ አይሮጥም፣ አይቆጥርም፣ አይናገርም። ድብብቆሽ ሊጫወቱ ነው። ባዶ ቆርቆሮና ማንኪያ አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችለት። «አንተ እስክታቆም እንደበቃለን፤ ስታቆም ፍለጋ ይጀመራል» አለችው። መምታት ጀመረ። ሁሉም ተደብቆ አለቀ። እሱ ግን አላቆመም፤ እየሳቀ መታ፣ መታ። ከበር ኋላ የተደበቁት ልጆችም አብረውት መሳቅ ጀመሩ።