«ጆሮዬን አመመኝ» ሲሉ፦ በታዳጊዎች የመንጋጋ ሕመም የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ሕመሙን በተጠራበት ስም መውሰድ። በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። የ14 ዓመት ልጅ «የመንጋጋዬ መገጣጠሚያ» አይልም። ጆሮዬ፣ ራሴ፣ ጥርሴ ነው የሚለው። ጆሮው ይታያል፣ ምንም የለበትም። ጠብታ ይሰጠዋል፣ አይሻለውም። መገጣጠሚያው ያለው እኮ ከጆሮው ቀዳዳ ትንሽ ፊት ነው። እዚያ ላይ ጣትዎን አሳርፈው አፉን ከፈት ዘጋ እንዲያደርግ ይንገሩት። እዚያው ካመመው፣ ወይም ሲያኝክና ሲያዛጋ የሚብስበት ከሆነ መንጋጋውን ይጠርጥሩ። ጠዋት ጉንጩ ዝሎ የሚነሳ ልጅ ደግሞ ሌሊት ጥርሱን ያፋጭ ይሆናል።

«አመመህ እንዴ?» ብሎ ማለፍ። ሕመሙን ከለመደው «ደህና ነኝ» ይላል። ስዊድን ውስጥ የጥርስ ሐኪሞች የሚጠይቋቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ። በሳምንት አንዴ ወይም ከዚያ በላይ ፊትህን ወይም መንጋጋህን ያምሃል? አፍህን ስትከፍት ወይም ስታኝክስ? መንጋጋህ ይቆለፍብሃል? «በሳምንት» የምትለዋ ቃል ልጁን ቆም ብሎ እንዲያስብ ታደርገዋለች። ሴቶች ልጆች ላይ ከጉርምስና በኋላ ስለሚበዛ እነሱን አጥብቃችሁ ጠይቁ።

«ቋ» ባለ ቁጥር መደንገጥ። በመገጣጠሚያው መሃል ያለችው ትንሽ ዲስክ ከቦታዋ ሸርተት ብላ ስትመለስ ድምፅ ታሰማለች። ሕመም ከሌለውና አፍ በደንብ ከተከፈተ ብዙ ጊዜ ሕክምና አይፈልግም። ለጓደኛ ለማሳየት እያሉ ደጋግሞ ማስጮህ ግን ይቅር።

መንጋጋውን አለማሳረፍ። በሚያምበት ሰሞን ማስቲካ፣ ቆሎ፣ ጥፍር መንከስ ይቁም። ለጥናት ብለው ጫት የሚቅሙ ልጆችም መንጋጋቸውን ለሰዓታት ያደክሙታል። ለስላሳ ምግብ ይብሉ፣ ጉንጫቸው ላይ ሞቅ ያለ ፎጣ ያድርጉ። ሲያጠኑም ሆነ ስልክ ሲያዩ ከንፈር ገጠም፣ ጥርስ ለቀቅ ይሁን። ጥርስና ጥርስ መነካካት ያለባቸው ስንበላና ስንውጥ ነው።

ጤነኛ ጥርስ ማስነቀል። የተነቀለ አይመለስም። አብዛኛው ልጅ በእረፍትና በቀላል እንክብካቤ ይሻለዋል።

የሚያስቸኩለውን ማዘግየት። የልጁን ሦስት ጣቶች ደርድሮ አፉ ውስጥ በቁም ማስገባት ካቃተው፣ አገጩን ተመትቶ ከሆነ፣ እብጠትና ትኩሳት ካለው፣ ወይም ፊቱ ወደ አንድ ጎን እየተጣመመ ከመጣ ቶሎ ሐኪም ይየው። አፉ ተከፍቶ አልዘጋ ካለ ደግሞ በግድ ለመግጠም አይሞክሩ። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።