ድንችና የተፈጨ ሥጋ ደራርባችሁ ስትጋግሩ

ድንችና የተፈጨ ሥጋ እየደራረባችሁ በኦቨን የምትሠሩ ከሆነ፣ ድንቹን ጥሬውን አትደርድሩት። ሥጋው ቲማቲም ካለበት ጥሬ ድንች ቶሎ አይበስልም፤ የቲማቲሙ አሲድ እንዳይለሰልስ ይይዘዋል። ላዩ ቀልቶ መሃሉ ሲነክሱት ቀጭ ቀጭ የሚለው ለዚህ ነው።

3 ሚሊ ሜትር ያህል አሳስታችሁ ክብ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡትና ጨው ባለው የፈላ ውሃ 5 ደቂቃ ቀቅሉት። ቢላ ሲገባበት ትንሽ ከታገለ በቂ ነው። አጥልላችሁ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርጉት፤ እንፋሎቱ ይውጣለት።

ሥጋው ላይ በፍጹም አትቸኩሉ። ሽንኩርቱ ከበሰለ በኋላ ሥጋውንና ቲማቲሙን ጨምራችሁ ውሃው ምጥጥ እስኪል አብስሉት። የመጥበሻውን መሃል በማንኪያ ስትጠርጉት መስመሩ ውሃ ሳይሞላው ከቆየ፣ ደርሷል ማለት ነው። ውሃ የያዘ ሥጋ ድርድሩን በሙሉ ያላሽቀዋል።

ከሥርም ከላይም ድንች ይሁን። በፎይል ሸፍናችሁ በ180 ዲግሪ 30 ደቂቃ ጋግሩት። ከዚያ ፎይሉን አንሱና ቺዝ ነስንሳችሁ ቀላ እስኪል መልሱት።

ሲወጣ እባካችሁ 15 ደቂቃ ታገሱት። በትኩሱ ከተቆረጠ ሳህኑ ላይ ይፈርሳል።