«እኔ አይደለም»፦ የቡድሃን የአናታ ትምህርት ተቀምጦ እንዴት መመርመር ይቻላል?

አናታ የጥንት የቡድሃ ትምህርት መጻሕፍት የተጻፉበት የፓሊ ቋንቋ ቃል ነው። ብዙዎች «እኔ የለም» ብለው ይረዱትና ወይ ይደነግጣሉ፣ ወይ ክርክር ይገጥማሉ። ቃሉ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ለ«እኔ አይደለም» ነው። «እኔ የለም» የምንቀበለው ወይም የምንጥለው አቋም ነው። «እኔ አይደለም» ግን አንድን ነገር ከፊታችን አስቀምጠን የምንመረምርበት መንገድ ነው። ቫቻጎታ የተባለ መናኝ እኔነት አለ ወይስ የለም ብሎ በጠየቀው ጊዜ ቡድሃ ለሁለቱም ዝም አለ።

በመጀመሪያ የትምህርቱን መነሻ ይያዙ። ቡድሃ በሕንድ አገር በባራናሲ ከተማ አቅራቢያ፣ ዛሬ ሳርናት በሚባለው ስፍራ፣ ለአምስት መናንያን ያስተማረው ቀላል ነገር ነው፦ ሰውነት እኔ ቢሆን ኖሮ «አትታመም» ባልነው ጊዜ በታዘዘን ነበር። ይህንኑ መመዘኛ በአምስት ነገሮች ላይ አዋለው፤ በአካል፣ በስሜት፣ ለይቶ በማወቅ፣ በሐሳብና በፈቃድ ግፊት፣ በንቃት።

ቀጥሎ ይቀመጡ። ወንበርም ትራስም ይሆናል፤ ጀርባ ቀጥ ይበል። ለጀማሪ 20 ደቂቃ ይበቃል። በርማዊው መነኩሴ ማሃሲ ሳያዶ ያስፋፉት ዘዴ ለዚህ ሥራ በጣም ይስማማል፦ ሆድ በትንፋሽ ሲነፋ በልብዎ «ከፍ»፣ ወደ ውስጥ ሲመለስ «ዝቅ» ይበሉ። ሐሳብ ሲመጣ «ሐሳብ»፣ ድምፅ ሲሰማ «መስማት» ብለው ወደ ሆድዎ ይመለሱ።

እዚህ ላይ አማርኛ ራሱ ያግዘናል። «ራበኝ»፣ «በረደኝ»፣ «ከፋኝ»፣ «ትዝ አለኝ» ስንል አድራጊው እኔ አይደለሁም፤ አንድ ነገር መጥቶ ነካኝ ማለታችን ነው። ቋንቋችን ግማሹን መንገድ ሄዶልናል። የሚቀረው መጨረሻ ላይ የተለጠፈችውን «ኝ» መመርመር ነው። ስለዚህ «አመመኝ» በማለት ፈንታ «ሕመም» ብቻ ይበሉ።

ሕመሙ ብዙ አያስጠብቅም፤ ጉልበት መጠዝጠዝ ይጀምራል። እግርዎን ወዲያው አይዘርጉ፤ ቀረብ ብለው ይመልከቱት። ሙቀትና ውጥረት አለ፤ ይህ አካል ነው። ደስ አለማለቱ ስሜት ነው። «ጉልበት ነው» ብሎ የሚለይ አለ። «ዘርጋው» የሚል ግፊት አለ። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ንቃትም አለ። አሁን ግፊቱን ብቻ ይያዙትና ይጠይቁ፦ ጠርቼው መጣ? ሂድ ብለው ይሄዳል? መልሱን በቃል አያቀናብሩ፤ ግፊቱ ሲያድግና ሲከስም ይዩት። ከዚያ ቡድሃ ለአምስቱ መናንያን በሰጠው ስብከት ውስጥ ያለውን መመርመሪያ ያምጡ፦ ይህ የእኔ አይደለም፤ ይህ እኔ አይደለሁም፤ ይህ እኔነቴ አይደለም። ሕመሙ ከበረታ እግርን መዘርጋት ነውር የለውም፤ ፈቃዱንም እንቅስቃሴውንም እየተከታተሉ ይዘርጉት።

እኔን ለረጅም ጊዜ ያቆመኝ ከዓይኔ ጀርባ ተቀምጦ ሁሉን የሚያይ «ተመልካች» ያለ መምሰሉ ነበር። ሌላው ሁሉ ሲያልፍ እርሱ ያልፋል ብዬ አላሰብኩም። አንድ ቀን እርሱንም እንደ ጉልበቱ ቀረብ ብዬ ሳየው በቅንድቦቼ መካከል ያለች ትንሽ ውጥረትና «እያየሁ ነው» የምትል ሐሳብ ሆኖ አገኘሁት። እርስዎም ሲደርሱበት «ውጥረት»፣ «ሐሳብ» ይበሉት።

መሻሻልዎን በተቀመጡበት ጊዜ በሚሰማዎት ሰላም አይለኩት። ቁጣ ሲነሣ ከአንደበትዎ በፊት ማየት ከጀመሩ ሥራው እየያዘ ነው። «እኔ ከሌለሁ ኃላፊነትም የለብኝም» የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን መንገድ ስተዋል፤ ቡድሃ ሥራ ፍሬ አለው ብሎ አጥብቆ አስተምሯል። ፍርሃት ከበረታ ወይም እንቅልፍ ከጠፋ ተመስጦውን ያቁሙና ልምድ ያለው መምህር ያማክሩ። የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሰዓቱ ሲሞላ ዘለው አይነሡ። የመነሣት ፈቃድ ሲመጣ «ፈቃድ» ይበሉ፤ እግርዎ ወለሉን ሲነካ ቅዝቃዜውን ይወቁ፤ እስከ በሩ ድረስ «ቀኝ»፣ «ግራ» እያሉ ይሂዱ።