መዝገቡ ከሚዛኑ በልጦ ሲገኝ

ኮሎራዶ ውስጥ ፈቃድ ባለው የካናቢስ መደብር የዕቃ ክምችት ለምትይዙ። የአንድ ጥቅል አበባ ክብደት በሜትርክ (ክፍለ ግዛቱ የካናቢስ ክምችትንና ሽያጭን በሚከታተልበት የኮምፒውተር ሥርዓት) መዝገብ ላይ በሚዛን ካገኘሁት በዝቶ ታየ። በማስተካከያ ገጹ ገብቶ ልዩነቱን መቀነስ ያጓጓል፤ ነገር ግን ሽያጩ ሳይመዘገብ ክምችቱ ብቻ ከቀነሰ፣ ዕቃው ተሸጠ ወይስ ተሰረቀ ብሎ ለሚጠይቅ ተቆጣጣሪ ምን መልስ ይሰጣል?

የሽያጭ ሶፍትዌራችንን ደረሰኞች ከሜትርክ ደረሰኞች ጋር ጎን ለጎን አስተያየሁ፤ ማገናኛው 24 ፊደላትና ቁጥሮች ያሉት የጥቅሉ መለያ ነው። ኢንተርኔት በተቋረጠበት ምሽት የተሸጠው ሁሉ ወደ ሜትርክ ሳይላክ ቀርቷል። ማያ ገጹ ግን ‹‹ተልኳል›› ይላል፤ እንዲህ ያለ ውሸታም ምልክት ያናድዳል! የጎደሉትን ደረሰኞች ትክክለኛውን የሽያጭ ቀንና ሰዓት እንደያዙ በሲኤስቪ (ተራ የሠንጠረዥ) ፋይል ሜትርክ ውስጥ አስገባሁ።

የቀረው ልዩነት ጥቂት ግራም ሆነ፤ አበባው ሲደርቅ ያጣው እርጥበት ነው። በማስተካከያ የቀነስሁት እሱን ብቻ ነው፤ ምክንያቱንም ጽፌበታለሁ። ክምችቱ በየቀኑ በመዝጊያ ሰዓት ከመዝገቡ ጋር እንዲመሳከር ደንቡ ስለሚያዝ፣ አሁን ከሚዛኑ በፊት የሁለቱን ደረሰኞች ብዛት አመሳክራለሁ።