ሞኒተሩን እንዲያድን የተገጠመው ሞኒተሩን ሲገድለው

ጀርባው ትልቅ የሆነውን የድሮውን ሞኒተር ደሴ ላይ መጠገን ከጀመርኩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ዛሬ ይዘውልኝ የሚመጡት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው፦ የቆየ የሒሳብ ፕሮግራማቸውን መተው ያቃታቸው ነጋዴዎች፣ እና ከጨረታ የወጣ አሮጌ ኮምፒውተር ገዝተው እንደ ሙሽራ የሚንከባከቡ ወጣቶች። ነጋዴው እስኪበላሽ ይሠራበታል። ወጣቱ «ዕድሜው ይርዘም» ብሎ አንድ ነገር ይገጥምበታል። ብወዳቸውም፣ የባሰው ብልሽት የሚመጣው ከወጣቶቹ ነው።

ከሁሉ በፊት የምጮኸው በሲንክ ቆራጮቹ ላይ ነው፤ ሲንክ ማለት ምስሉ በሰዓቱና በቦታው እንዲሳል ኮምፒውተሩ ለሞኒተሩ የሚልከው ሲግናል ነው። ኪቦርዱ ለጥቂት ደቂቃ ካልተነካ ስክሪኑን የሚያጨልም ትንሽ ሰርኪዩት መሥራት ጥሩ ሐሳብ ነው። ቲዩቡን፣ ምስሉ የሚታይበትን ትልቁን የመስታወት ጠርሙስ፣ የሚጨርሰው የኤሌክትሮን ጨረሩ ነውና፤ ጨረሩ የሚመነጭበትን ካቶዱን ያደክማል፣ አንድ ቦታ ላይ ሲቆይ ደግሞ ጨረሩ ሲያርፍበት የሚያበራውን ቅብ፣ ፎስፈሩን፣ ያቃጥላል። ሎተስ 1-2-3 የተባለው የድሮ የሒሳብ ሠንጠረዥ ፕሮግራም የዓምድ ፊደላት ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እንኳ የሚነበቡበት ሞኒተር ሱቄ ውስጥ አለ። ጨረሩ ከቆመ ቲዩቡ ያርፋል።

ታዲያ ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ከኮምፒውተሩ የሚመጣውን መላውን ገመድ በሬሌይ (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) የሚቆርጥ ነገር በይዶ መጣ። ሬሌዩ ቀጭ ባለ ቁጥር ምስሉም ሲንኩም አብረው ይጠፋሉ። «ጋሼ፣ አዲሶቹ እንዲህ አይደል የሚተኙት?» አለኝ። አዲሶቹማ አዎ! ቬሳ የተባለው ማኅበር በ1993 (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር) የኃይል ቁጠባ ደንቡን ካወጣ ወዲህ የተሠሩት፣ ሲንክ ሲጠፋ ተኙ እንደተባሉ ይገባቸዋል። የእሱ ግን አይቢኤም 5151 ነበር፤ በ1981 ከመጀመሪያው አይቢኤም ፒሲ ጋር የወጣው ባለ አረንጓዴ ጽሑፉ። ጨረሩን ከግራ ወደ ቀኝ የሚያስኬደው የዚህ ሞኒተር አግድም ክፍል የሚነዳው በቀጥታ ከኮምፒውተሩ የምስል ካርድ በሚመጣው የ18.432 ኪሎኸርዝ ሲንክ ነው። ሲንኩ ሲዛባና ሲቆራረጥ መከራውን የሚያየው የአግድም ትራንዚስተሩና ፍላይባኩ፣ ለቲዩቡ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው ትራንስፎርመር፣ ነው። የልጁ ትራንዚስተር ተቃጥሏል። ፍላይባኩ በመትረፉ ፈጣሪውን ያመስግን፤ እንደ ሽንኩርት ሰኞ ገበያ ወጥቶ የሚሸመት ዕቃ አይደለም።

ስለዚህ ባለ ዘጠኝ ፒኑ ሶኬት ላይ 7ኛውን የቪዲዮ መስመርና 6ኛውን የድምቀት መስመር ብቻ ቁረጡ። በሕግ አምላክ፣ የሲንኩን መስመሮች፣ 8ኛውንና 9ኛውን፣ አትንኩ! ከቆረጣችሁ በኋላም በሞኒተሩ በኩል የቀረውን ጫፍ ተንጠልጥሎ አትተዉት፤ ከመሬት መስመሩ ጋር አገናኙት። ባዶውን የቀረ መግቢያ ሲግናል የመጣለት ያህል ይቆጥረዋል፣ ስክሪኑም ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ላሳርፈው ያላችሁትን ቲዩብ በሥራ ገደላችሁት ማለት ነው።

ከስክሪኑ ፊት የሚንጠለጠለው ጥቁር መስታወት ለዓይን እንጂ ለቲዩቡ አይደለም። ብርሃኑን ስለሚቀንስ ባለቤቱ ወዲያው የብርሃን መጨመሪያውን እስከ ጥግ ያዞረዋል፤ ጨረሩም በዚያው ልክ ይበረታል። ስቀሉት፣ ግን ቁልፉን ባለበት ተዉት።

የእናቶቻችን ዳንቴል ያምራል፤ ሞኒተሩ ሳይቀዘቅዝ ግን አይለብስም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ቀጭኑ አየራችን ሙቀትን ቶሎ አያነሳም።

ስታቢላይዘር መግጠም ትክክል ነው፤ ጥፋቱ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ኮምቦልቻ ያሉ አንድ ሐጂ ሞኒተራቸው «እየዋኘ» አስቸገራቸው። በሚኒባስ ጭነው ሐረጎን አስወጡት። እኔ ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብሎ ሠራ። ወሰዱት፤ በሳምንቱ ተመለሰ። አሁንም ደኅና ነው። በሦስተኛው ሐጂ «አንተ ፊት ያፍራል እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ፤ አብሬያቸው ወረድኩ። ሞኒተሩ የተቀመጠው ስታቢላይዘሩ አናት ላይ ነበር! የትራንስፎርመሩ መግነጢስ ነበር ጨረሩን ሲያወዛውዘው የከረመው። አንድ ሜትር ራቅ አድርጌ አኖርኩት፤ ሻይ ጠጥተን ተመለስኩ። የማራገቢያ ሞተርም ስክሪኑ አጠገብ ሲሆን ይኸው ነው ሥራው።

መብራት ሲመጣ የሚገባውን ድንገተኛ ጉልበት ለመግታት ቴርሚስተር የምትገጥሙ፣ ይህን ዕወቁ፦ የሚገታው ቀዝቃዛ ሳለ ነው፤ ሲሞቅ ያሳልፋል። መብራት ቅጽበት ሄዶ ሲመለስ ቴርሚስተሩ ገና ትኩስ ነውና ምንም አይከለክልም። ቢያንስ ሁለት ደቂቃ አቆይቶ የሚያበራ ሬሌይ ጨምሩበት።

የመጨረሻው የራሴው ነው። ካቶዱን የሚያግለው የቲዩቡ ማሞቂያ ክር በብዙዎቹ ላይ 6.3 ቮልት ይፈልጋል፤ ከበዛበት ካቶዱ ቶሎ ያልቃል፣ ካነሰበትም ይመረዛል። አንዳንድ ሞኒተር ይህን ቮልት የሚያገኘው ከፍላይባኩ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚሰጠው ሹል ሹል ምት እንጂ እንደ ግድግዳው መብራት የተስተካከለ ማዕበል አይደለም። እንዲህ ያለውን ተራ መልቲሜትር አሳንሶ ያነበዋል። እኔ በጀማሪነቴ 4 ቮልት አነበብኩና «ይህማ ተርቧል» ብዬ፣ መስመሩ ላይ የነበረውን መቀነሻ ሬዚስተር አውጥቼ በሽቦ ተካሁት። ስክሪኑ እንደ መስከረም ፀሐይ ፈካ። ባለቤቱ እጄን ይዘው «እጅህ ይባረክ፣ ልጄ» ብለው መረቁኝ። ዓመት ሳይሞላ ሞኒተሩ ደብዝዞ፣ ጽሑፉ በጭጋግ ውስጥ የሚታይ መስሎ ተመለሰ። የተቀበልኩትን ገንዘብ መለስኩላቸው። ምርቃታቸውን በምን እንደምመልስ ግን አላወቅሁም።